የትኛው እሺ?

እህቴ ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር መሆኑን የነገረችን ቀን እናታችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለቻት። ሥራ አለሽ፣ ባል አለሽ፣ ልጅ አለሽ፣ ደግሞ ትምህርት? ማለቷ ነው። እህቴ ሳቅ ብላ፣ «እማዬ፣ ዛፉ ሁለት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሦስት ነው» አለቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ ግንባሯን ዳብሺልኝ፣ ትኩሳት ይኖርባት ይሆናል» አለችኝ። እኔ በእናትና በልጅ መሀል ምን ጥልቅ አደረገኝ፤ የያዝኩትን የቀሚስ ጠርዝ መዘምዘሜን ቀጠልኩ።

ሦስት ዛፍ ያለችው እውነቷን ነው። የትምህርቱን ስም ጠርተው እስኪጨርሱ ሻይ ይቀዘቅዛል፤ እኔ በአጭሩ «ድብልቁ» እለዋለሁ። እዚያ የገባ ተማሪ አንድ መስመር ይዞ አይነጉድም። ከፈለገው የትምህርት ክፍል እየዞረ ይማርና መጨረሻ ላይ ሁሉንም አገጣጥሞ የራሱን ጥናት ይጽፋል። እህቴ ቋንቋ፣ ሕግና ፍልስፍና መረጠች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሦስት ዓይነት ጨርቅ አንድ ቀሚስ ስፊልኝ የሚለኝን ደንበኛ አልወድም። አንዱ ሲታጠብ ያጥራል፣ አንዱ ቀለሙን ይለቃል፣ ሦስተኛው ይጨማደዳል፤ በኋላ ተወቃሿ እኔ ነኝ። ለእህቴም ይህንኑ ነገርኳት። «ከተሰፋ ግን ያምራል አይደል፣ እትዬ?» አለችኝ።

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ ነርስ ስለሆነች ነው። የእውነት እህትነቷ ግን ለእኔ ነው፤ ስለዚህ ደግ ደጉን ብቻ አልናገርላትም። ችኮ ናት። የያዘችውን አትለቅም። የምትሠራው ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። ታማሚው ወደ ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ ምን እንደሚያደርግ የምታስረዳው፣ መስማማቱን የምትጠይቀው፣ ወረቀቱን የምታስፈርመው እሷ ናት። ለጥናት የመረጠችውም ከዚሁ ሥራዋ የወጣ አንድ ቃል ነው። ሰው ስለ ሰማይና ስለ ምድሩ ያጠናል፤ የእኔ እህት «እሺ»ን ላጥና ብላ ገባች። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «እሺን ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው? እኔ እቤት ላስተምራት ስንት ዓመት ለፋሁ፤ ስልካት እሺ ብላኝ አታውቅም» አለች።

ቀልዱ ይቆየንና፣ ነገሩ የጀመረው በአንድ አናጺ ነው። አናጺ ልበለው እንጂ ሥራው ሌላ ነው፤ ጣት ልበለው እንጂ የተቆረጠውም ጣት አይደለም። ይህን ቀይሬ እንዳወራ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ከራሱ ጋር ተነጋግረን ፈቅዶልኛል።

አናጺው እጁ ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ አየውና ሁለት ጣቶቹ ካልተቆረጡ ነገሩ ወደ ክንዱ ይዘልቃል አለ። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር፤ ያልቸኮለ ሐኪም ያያችሁ ካላችሁ ለእኔም አሳዩኝ። እህቴ አልጋው አጠገብ ቆማ አስረዳችው። «እሺ» አለ። «ገብቶሃል?» አለችው። «እሺ፣ ሲስተር» አለ። ወረቀቱንም ፈረመ። ሰመመኑ ሲለቀው በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን አይቶ ጮኸ። እህቴ ስትደርስለት ያላትን ነገር ደጋግማ ስለነገረችኝ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። «እሺ ያልኩሽ ሰማሁሽ ለማለት ነው እንጂ መች ቁረጡኝ አልኩ?»

የሥራ ባልደረቦቿ አጽናኗት። ፈርሟል፣ ሐኪሙም ልክ ነበር፣ ጣቱ ባይቆረጥ ክንዱ ይሄድ ነበር፣ አንቺ ምን አጠፋሽ አሏት። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ሱቄ መጥታ ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። ምሳ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

«ሰውየው አልዋሸም፣ እትዬ» አለችኝ።

«ታዲያ አንቺ ምን ታድርጊ? እሺ ብሏል።»

«እሱ እኮ ነው ጥያቄው። እሺ ብሏል። ግን ምን ማለቱ ነው?»

መልሱን ከእኔ አልጠበቀችም። መልስ ያለው ሰው ፍለጋ ወጣች። ቋንቋ የሚያስተምሩት ዘንድ ሄደች፤ ይሄ የሕግ ነገር ነው አሏት። ሕግ የሚያስተምሩት ዘንድ ሄደች፤ ይሄ የቋንቋ ነገር ነው አሏት። እንደ ኳስ ሲቀባበሏት ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ እቤቱ ይገባ ነበር። እሷ ግን ጠይቃ ጠይቃ ሁለቱም በአንድ ላይ የሚያስተምሩበትን ድብልቁን አገኘችው።

ትምህርቱ ከሥራ በኋላ ነበር። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው። ልማር ነው ስትለው «እሺ» አላት። «የትኛው እሺ?» አለችው። ያኔም ጀምሯት ነበር። «ሰሃን አጥባለሁ የሚለው እሺ ነዋ» አላት፤ እውነትም አጠበ። ልጃቸውንም እያበጠረ ትምህርት ቤት የሚልካት እሱ ሆነ። አስተማሪዋ በሩ ላይ እያየቻት «ዛሬም አባትሽ ነው ያበጠረሽ?» ትላት ነበር፤ ማንም ሳይነግራት።

ተማረች ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሷ በዕድሜ የሚያንሱ ልጆች መሀል ተቀምጣ፣ ትናንት የሰማችውን የፍልስፍና ቃል ዛሬ መርፌ እየወጋች ታመነዥካለች። የመጀመሪያው ዓመት ውጤቷ የሚያኮራ አልነበረም፤ የሕጉን ፈተና ወድቃ ደግማ ወሰደች። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ስታነብ ቆይታ ቀና አለችና፣ «እሺ ይበልጣል ከሺ እንላለን አይደል? ለማን ነው የሚበልጠው? ለጠያቂው እኮ ነው፤ እሺ ያለው ሰው ሺውን መች አገኘው» አለችኝ። እኔ ይህን ተረት ዕድሜ ልኬን ስናገረው እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ችግሩ፣ ደንበኛዬን ማባረር ጀመረች። ቀሚሷ ያልደረሰላት አንዲት ሴትዮ መጣች። «ለሐሙስ ላድርስልዎት?» አልኳት። «እሺይ» አለች፣ ረዘም አድርጋ። ይህን እሺ ማን ያጣዋል? ሐሙስ ባይደርስ ጉድሽን አያለሁ ማለት ነው። እህቴ ከአግዳሚው ብድግ ብላ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ አሁን ያሉት እሺ ስምምነት ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ?» አለቻት። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ወደ እኔ ዞራ፣ «እብድ ታስቀምጫለሽ እንዴ እዚህ?» አለችኝ። ቀሚሱን ለሐሙስ አደረስኩ፤ ሴትዮዋ ግን ዳግመኛ አልመጣችም። ወሬው ግን ቀድሟት ሰፈር ገባ፤ ሰፈሩም እህቴን «እመት እሺ» ብሎ ሰየማት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የድብልቁ ደንብ የመመረቂያውን ጥናት ሁለት አማካሪዎች ይምሩት ይላል፤ ከሁለት ትምህርት ክፍል። የቋንቋዋ መምህርት ገና ስትሰማ «ይሄንንማ ለማንም አልሰጥም» አለች። በሕጉ በኩል እህቴ ያሰበችው ተማሪዎቹ «መዶሻው» የሚሉትን ሰውዬ ነው። ቃል አያባክንም፤ ሲናገር ግን ይመታል። ኮሪደር ላይ አገኘችውና መጽሐፉን እንደታቀፈ አቁማ ሐሳቧን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። «አማካሪዬ ይሆኑልኛል?» አለችው። «እሺ» አለና ሄደ። እህቴ እየበረረች ሱቄ መጣች። መዶሻውን ያገኘ ተማሪ ተመረቀ ማለት ነው አለችኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ለሥራ የምትለብሰውን ነጭ ጋውን አዲስ ሰፋሁላት።

ከዚያ ጻፈች። ሳምንቱን ሥራ፣ እሑድን ጽሑፍ። የጻፈችውን ለሁለቱም ትልካለች፤ የቋንቋዋ መምህርት እያረመች ትመልሳለች፤ ከመዶሻው ዝም። «ቃል አያባክንም ብዬሽ የለ» ትለኛለች። ብዙ ወራት እንዲሁ አለፉ። አንድ ቀን የድብልቁ ኃላፊ ጠርቶ የሁለቱን አማካሪዎች ፊርማ አምጪ አላት። እሷም ወደ መዶሻው ቢሮ ሄደች።

«እኔ መች አማካሪ እሆናለሁ አልኩ?» አላት።

«እሺ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«እሺ ያልኩሽ ሰማሁሽ ለማለት ነው።»

ይህን ስትነግረኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ጨርቁ ከእጄ እስኪወድቅ ሳቅኩ። አገሩን በእሺ ያስጨነቀች ሴትዮ፣ የሰው እሺ ስታጣራ የከረመች፣ የራሷን እሺ ሳታጣራ ይዛ ተቀመጠች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አልኳት። እሷ አልሳቀችም። ኃላፊው የነገራትን ስትጨምርልኝ የእኔም ሳቅ ቆመ። ሁለተኛ አማካሪ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ካልተገኘ ከተማሪነት ትሰረዛለች፤ ማራዘሚያውን ፈተናውን ስትደግም ጨርሳዋለች፤ ለሌላ መንፈቅ ደንቡ አይፈቅድም። የዚያ ሁሉ ልፋት መጨረሻው ይሄው ነው።

መቀሴን አስቀምጬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። «ቢሮው የት ነው? አንድ ነገር ብዬው ልምጣ» አልኩ።

«ቁጭ በይ፣ እትዬ። አልዋሸኝም። ደግሜ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ደግሞ ለሁሉም ጠበቃ ነሽ።»

«ለእሱ አይደለም የቆምኩት። ሌላ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው» አለች። ማንን እንደሆነ መንገር አላስፈለጋትም።

በማግሥቱ እንደገና መዶሻው ቢሮ ሄደች። ልመና አልነበረም። «መምህር፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። ይሆኑኛል ወይስ አይሆኑኝም? ካልሆኑኝስ ለምን?» አለችው። ወንበር አሳያት። የላከችውን ሁሉ አንብቦታል ለካ፤ በየገጹ ዳር በቀይ ቸክችኮበታል።

«ጥሩ ጽፈሻል» አላት። «ግን ክሱ የተሳሳተ ነው። እዚህ ውስጥ ተከሳሹ ቃሉ ነው፤ እሺ አሳሳች ነው፣ እሺ ብዙ ትርጉም አለው ትያለሽ። ቃል አይከሰስም፤ የሚጠየቀው ሰው ነው። ይህቺን አንብቢያት።» አነበበች። ታማሚው ተጠየቀ፣ ስምምነቱ ተወሰደ፣ ወረቀቱ ተፈረመ፣ ጣቱ ተቆረጠ ይላል። «ተጠየቀ፣ ተወሰደ፣ ተፈረመ፣ ተቆረጠ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አልነበረም? ማን ነው የጠየቀው? ጠያቂዋ የት ሄደች?»

እህቴ ፊቷ እንደ ጋለ ብረት ሆነ። «እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው እሷን ጽፈሽ አምጪልኝ። ደግሞ ሰውየው እንድትጽፊው ፈቅዶልሻል?»

አልፈቀደላትም፤ አልጠየቀችውም። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ አይታውም አታውቅም። አናጺው የሚሠራበትን ሰፈር ታውቃለች፤ በዚያ በኩል ላለማለፍ ግን ሌላ አውቶቡስ ትሳፈር ነበር። የገዛ ባሏ ነው የነገረኝ።

«ለአሁኑ መልሴ አልሆንሽም ነው» አላት መዶሻው።

ሱቄ ስትገባ ፊቷ በርቷል። «እምቢ አለኝ» አለችኝ።

«በዚህም ይሳቃል?»

«ከምክንያቱ ጋር ነው እኮ እምቢ ያለኝ፣ እትዬ። እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ መሰለሽ?»

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። «ተጠየቀ» የሚለውን ሁሉ «ጠየቅኩት» ማድረግ ማለት በስሟ፣ በሥራ ቦታዋ፣ እኔ ነኝ ብላ መጻፍ ነው። ሆስፒታሉ ቢያነበው ምን ይላል? ባሏ ይህን ሲያስብ መሪ እንደያዘ ሌሊቱን እንዳልተኛ ሰው ይፈዛል። ጻፈችው። የቀረው አናጺው ነበር፤ ብቻዬን አልችልም ስትለኝ ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ።

አናጺው ጓዳ የምታህል ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ የመስኮት ፍሬም ይልጋል። ወለሉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተከምሯል። መላጊያውን በደህና እጁ ይገፋል፤ በሌላው መዳፍ እንጨቱን ተጭኖ ይይዛል። እህቴን ሲያይ አወቃት። አልተቆጣም፤ ያ ነው የባሰባት። ሁለት ዱካ አወጣልን፤ ከተቀመጥን በኋላ ለምን እንደመጣች ነገረችው። እማራለሁ፣ ስለዚያ ቀን መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ስምህን አልጠራም፣ ብትፈቅድልኝ አለችው።

«እሺ» አለ።

እኔ እፎይ አልኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ብድግ ልል ስል እህቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። ከዱካው አልተነሳችም።

«ወንድሜ» አለችው፣ «የጠየቅኩህን በራስህ አፍ መልሰህ ንገረኝ እስቲ። ምንድን ነው እሺ ያልከኝ?»

ሰውየው መላጊያውን አስቀመጠ። «ትጽፊያለሽ» አለ።

«ስለ ምን?»

«ስለ እኔ። ስለ እጄ።»

«ማን ያነበዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የተማሩ ሰዎች።»

«አዎ። ተማሪዎችም ያነቡታል፤ መጽሐፍ ቤት ይቀመጣል። ከእኔ በኋላም ይኖራል። አንተ ይህን ትፈልጋለህ?»

ፍቅፋቂውን ከጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ጠረገ። ውጭ የሚያልፈው ሰው ሲያወራ ይሰማል። እኔ በልቤ፣ አንቺ ሴትዮ እሺ ብሎሻል፣ መንፈቁ እያለቀ ነው፣ ተነሽ እላለሁ። ሰውየው ቀና ብሎ አያት።

«እምቢ ማለት ይቻላል እንዴ?» አላት።

«ይቻላል።»

«ትምህርትሽስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

«እንግዲያው አልፈልግም» አለ። «እምቢ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው። የማላውቀው ሰው ደግሞ እቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያነበው አልፈልግም።»

«ገብቶኛል። አንድም ቃል አልጽፍም» አለችው እህቴ። አመስግናው ተነሳች።

መንገድ ላይ ጮህኩባት። እጅሽ የገባውን፣ በአፉ የሰጠሽን፣ ምን ነክቶሽ ነው መልሰሽ የጣልሽው አልኳት። መንገደኛው ዞሮ ያየናል፤ እኔ ግድ አልነበረኝም። ለእሷ ሆዴ ባብቶ ነው የምጮኸው። እሷ እያለቀሰች በፍጥነት ትራመዳለች። «ከዚያ እሺ ጋር ብወጣ ሁለተኛዬ ነበር» አለችኝ። እኔም መጮኼን ትቼ ከእርምጃዋ ጋር ተስተካከልኩ።

ከዚያ የጥናቷን ግማሽ ቀደደችው። የአናጺው ነገር በሙሉ ወጣ፤ ሥራው፣ እጁ፣ ጩኸቱ፣ ያላት ንግግር ሳይቀር። የቀረችው ጠያቂዋ ብቻ ናት። አልጋው አጠገብ የቆመች እንጂ ያልተቀመጠች ነርስ፤ እየጠየቀች ዓይኗ ወረቀቱ ላይ የነበረ፣ በሩ ላይ አልጋ ገፊው ሲጠብቅ እያየች «ገብቶሃል?» ያለች፣ አዎ ከሚል መልስ ሌላ የሚቀበል ጊዜ ያልነበራት። ስሟን ጽፋበታለች። ጨርሳ ለመዶሻው ወሰደችለትና ታማሚው የሌለበትን ምክንያት ነገረችው። እዚያው እፊቷ አነበበው። እሷ ወንበሩን ጨምድዳ ይዛ ጠበቀችው።

«አማካሪሽ እሆናለሁ» አላት።

«እሺ ማለትዎ ነው?»

«እሺ አላልኩም። እሆናለሁ ነው ያልኩት» አለና ፈረመ። መንፈቁ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጎ እንዳሠራት አታንሡብኝ፤ ያንን ቀይ እስክሪብቶ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር። እህቴ ግን አንዴም አላማረረችም።

ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን እናቴም እኔም ሄድን። ባሏ የነጂ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከኋላ ተቀመጠ። እህቴ በደንብ ተናገረች፤ የገባኝም ያልገባኝም አለ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ ጨዋ ሰው ነው፤ ጥያቄውም ልክ ነበር። «ስለ ጠያቂዋ ይህን ያህል ጽፈሽ ስለ ተጠያቂው ምንም የለም» አላት። «ጥናቱ በአንድ እግሩ ነው የቆመው። አንድ የታማሚ ታሪክ ቢጨመርበት በከፍተኛ ማዕረግ ያልፍ ነበር። አታውቂም?»

«አውቃለሁ። አንድ ሰው ጠይቄ ነበር። እምቢ አለኝ።»

«ስሙን፣ ሥራውን ለውጠሽ አስገቢው። ማንም አያውቀውም።»

«እሱ ያውቀዋል» አለች።

ፈታኙ መዶሻውን አየ፤ መዶሻው ወረቀቱን አየ። ወጥተው ተመካክረው ተመለሱ። ማለፊያ ሰጧት። ጎላ ያለ ማዕረግ የለበትም፤ አልፋለች፣ በቃ። እናቴ ኮሪደር ላይ «ከሦስቱ ዛፍ የትኛው ላይ ነሽ አሁን?» ብላ አቀፈቻት። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ማለፊያ። የሚገባት አልነበረም፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የምለው።

ሆስፒታሉም አነበበው። ኃላፊዋ ጠርታ ስማችንን አነሳሽ አለቻት። እህቴም የራሴን ነው ያነሳሁት አለቻት። ተወዛግበው ተወዛግበው ከቦታዋ አላነሷትም፤ አሁን ታማሚ ስታስረዳ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ ሐኪሞቹ ሰዓት እያዩ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

አናጺው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሥራ ቱታው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ላስጠግን ብሎ ነው፤ ሰበብ መሆኑን አውቄበታለሁ፣ ልብስ ሰፊ በየሰፈሩ ሞልቷል። ቱታውን እየሰጠኝ፣ «ጨረሰች?» አለኝ።

«ጨርሳለች።»

«ጻፈችኝ?»

«አልጻፈችህም።»

«ምንም?»

«ምንም። ለዚህም ብላ ማዕረጉ ቀርቶባታል» አልኩት። ልንገረው አልነበረም፤ ንዴቴ ነው ያወጣው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እህቴ ለከሰዓት ሥራዋ ስታልፍ በየቀኑ እኔ ዘንድ ጎራ ትላለች፤ ያን ቀንም ገባችና አየችው። ሰላምታ ተለዋወጡ። እኔ የስፌት መኪናውን ክር መቀየር ያዝኩ። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ሲስተር፣ ያኔም እንዲህ ብለሽ ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ።»

«አዎ» አለችው። ወደ ሌላ አላየችም። «መጠየቅ ነበረብኝ። እንዲያ ብጠይቅህ ምን ትለኝ ነበር?»

«እሺ እልሽ ነበር» አላት። «ጣቱ መቆረጥ ነበረበት፤ እኔም አይቼው ነበር። ግን እሺ ያልኩት እኔ እሆን ነበር።»

እህቴ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱም እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ነጩን ጋውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለበሰችና ሥራ ገባች።